ጅራት ሆኜ የሮጥኩበት ዓመት

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፣ ይህን መጀመሪያ ልንገራችሁና እንግባባ። ካዛንቺስ ሳለን የጎረቤታችን ኮርኒስ ማታ ማታ ይንኳኳል፣ መንፈስ ገብቶበታል ተብሎ ሰፈሩ ጠበል ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ መጥረጊያ ይዤ መሰላል ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያገኘሁትም ከነልጆቿ የተኛች ድመት ነው። አሁን ላንቻ አካባቢ ፀጉር ቤት አለኝ፣ ፀጉር ቤት ያላት ሴት ደግሞ የማትሰማው ጉድ የለም፣ ዛር ያለባትም፣ ቡዳ የበላትም፣ የሞተ ባሏ ስልክ የደወለላትም፣ ሁሏም ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ከትታ ትነግረኛለች፣ እኔም «እሺ የኔ እመቤት» እያልኩ ቢጎዲኔን እጠቀልላለሁ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እኔ ራሴ እስቅበት ነበር፣ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም።

ነገሩ የሆነው በሩጫ ላይ ነው። የቂርቆስና የካዛንቺስ ሰው በየዓመቱ፣ ጥቅምት ሲገባ ባለው እሁድ ጠዋት፣ ከቂርቆስ ተነስቶ በካዛንቺስ አድርጎ፣ አራት ኪሎን፣ ስድስት ኪሎን፣ ሽሮ ሜዳን አልፎ እንጦጦ ጫፍ ይወጣል፣ በዚያው መንገድ ደግሞ ይመለሳል። «ሽቅብ» ነው የምንለው። ቴሌቪዥን አያሳየውም፣ ከሰፈራችን ውጪ የሚያውቀውም የለም፣ ግን ዕድሜው ከእኔ ዕድሜ ብዙም አያንስም፣ የእኔን ዕድሜ ደግሞ አትጠይቁኝ።

የጀመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ቂርቆስ ሥጋ ቤት ያላቸው ጋሽ ለማ ናቸው፣ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ዛሬም ቢላቸውን ለሰው አይሰጡም። ሁለተኛው ካዛንቺስ ልብስ ይሰፉ የነበሩት የወሎው ሰው ሐጂ ሰይድ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ሁለቱ የማይነጣጠሉ ጓደኞች ነበሩ፣ ጓደኝነታቸው ግን በጭቅጭቅ የቆመ ነበር። አንድ ቀን ሐጂ ሰይድ፣ ሥጋ ሻጭ ሆዱን ተሸክሞ ሽሮ ሜዳን አይወጣትም ብለው ይተርባሉ፣ ጋሽ ለማ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ስለ እግር ምን ያውቃል ብለው ይመልሳሉ፣ በቃ፣ በእሁዱ ሁለቱም ሱሪያቸውን ጠቅልለው ሽቅብ ተነሱ፣ ሰፈሩም ለማየት ብሎ ከኋላቸው ሮጠ። ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁለቱም እኔ ነኝ ይሉ ነበር፣ አንዳንድ ክፉ ሰዎች ደግሞ ሁለቱም ከስድስት ኪሎ በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ነው የተመለሱት ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሆነ። ብዙ ነገር አሳልፏል ይህ ሩጫ። አንድ ዓመት ለሽልማት የታሰረው ሙክት ገመዱን በጥሶ ከሯጮቹ ጋር ገባ፣ ካዛንቺስ ላይ ብዙውን ሰው ቀድሞ ሦስተኛ ወጣ፣ ጋሽ ለማም «ሯጭ አይታረድም» ብለው እስኪያረጅ ድረስ ጓሯቸው አኖሩት። ሌላ ዓመት ጉም ወርዶ ግማሹ ሯጭ መንገድ ስቶ ሱሉልታ ደርሶ በጭነት መኪና ተመለሰ። እኔ ልጅ ሳለሁ የመጀመሪያዋ ሴት ስትሮጥ እናቷ ነጠላ ይዛ «ተከናነቢ» እያለች እስከ አራት ኪሎ አብራት ሮጣለች፣ እናትየዋም ብትቀጥል ታሸንፍ ነበር ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሩጫው እንዳለቀ ሁለት ገበታ ይዘረጋል፣ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የእስላም፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ባለቢላ። ታዲያ አንዱን ዓመት የቸኮሉት ሰዎች ሁሉም ገባ ብለው በሉ፣ ጠጡ፣ ገበታውንም አነሱ፣ ወደ ማምሻው ላይ አንድ ሰው ገና ከእንጦጦ ሲመለስ አጥንት ብቻ ጠበቀው። ሰውየው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ አሉ፣ ከዚያን ቀን በኋላም በሰፈሩ ያየው የለም። ጋሽ ለማ ስለ እሱ ሲጠየቁ «ጨዋ ሰው ነበር» ብቻ ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ነው ጅራት የመጣው። ጅራት ማለት ከሁሉም ኋላ የሚሮጥ ሰው ነው፣ ማንንም አይቀድምም፣ የደከመውን ያበረታታል፣ የታመመውን ታክሲ ያሳፍራል፣ በእጁም ጋሽ ለማ ከበሬ ጭራ የሠሩትን ዝንብ መከላከያ ይይዛል፣ ለምልክት ነው። መድረሻው ላይ ቃጭል የታሰረበት ገመድ ይወጠራል፣ የሚገባ ሁሉ ገመዱን ከፍ አድርጎ ከስሩ ያልፋል፣ ቃጭሉም ይጮሃል። ጅራቱ ሲደርስ ጋሽ ለማ ቢላቸውን ይዘው «ከኋላህ ማን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ «ማንም የለም» ሲባል ብቻ ገመዱ ይወርዳል፣ ሥጋውም ይቆረጣል። ሺህ ሰው ቢራብ፣ ሚኒስትር ቢመጣ፣ ከዚያ በፊት ቢላ አይነሳም።

ጅራት የሚሆነው ባለፈው ዓመት ከጅራቱ በፊት መጨረሻ የገባው ሰው ነው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የገባሁት እኔ ነበርኩ፣ ለምን ብትሉኝ ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ ቀሚስ ዓይኔን ስቦት ቆሜ ዋጋ ስከራከር ነው፣ ቀሚሱንም አልገዛሁትም።

ዘንድሮ ግን ሩጫው ቀልድ አልነበረም። እንደምታውቁት የካዛንቺስ ሰው ተበትኗል፣ ሰፈሩ ፈርሶ መንገድ ሰፍቷል፣ ሁላችንም በየዳሩ በየኮንዶሚኒየሙ ገብተናል፣ ግድግዳ ለግድግዳ አብሬያት ያደግኳትን ጎረቤቴን የማያት በዓመት አንድ ቀን፣ በዚህ ሩጫ ነው። እሱም ሊቀር ነበር። የመንገድ ፈቃድ ይዞ የመጣው ሰውዬ፣ ኮቱን የቆለፈ ቀጭን ሰው፣ አምስት ሰዓት ላይ መንገዱ ካልተለቀቀ ለሚመጣው ዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር የለም ብሎ እቅጩን ነገረን። በየዓመቱ የሚያዘገየው ደግሞ ጅራቱ ነው። አሮጊቶቹ በየተራ እየመጡ ጉንጬን ሳሙኝና «ሮሚዬ፣ አደራሽን» አሉኝ፣ እኔ አደራ ሲሉኝ የማለቅስ ሰው አይደለሁም ግን ያን ቀን ጭራውን ይዤ አለቀስኩ።

ሽቅቡን እንዴት እንደወጣሁት አትጠይቁኝ። ከፊቴ አንድ ወፍራም የባንክ ሠራተኛ ነበር፣ እሱ ሲያቃስት እኔ ሳቃስት፣ ጫፍ ደረስን። ጉም ነበር። ውኃ የሚያድሉት ልጆች ጠረጴዛቸውን እያጠፉ፣ የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ፣ ከኋላሽ ዛፍ ብቻ ነው አሉኝ። ስንመለስ ባንከኛው ጉልበቴ ብሎ ባገኘው መኪና ተሳፈረ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ሰዓቱ ገና ነው፣ ከኋላዬ ሰው የለም፣ ቁልቁለት ነው፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ባሕር ዛፉ መሃል ነው የሰማሁት። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ የላስቲክ ጫማ ድምፅ። ስቆም ይቆማል፣ ግን ወዲያው አይደለም፣ አንድ እርምጃ ጨምሮ ነው የሚቆመው፣ ሰው ሲከተላችሁ እንደሚሆነው። ከዚያ «እህም» የሚል ጉሮሮ መጥረግ፣ ሰው ቤት ሊገባ ያለ ሰው እንደሚያደርገው። ዞርኩ። ጉሙ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል፣ ኮት ለብሷል፣ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል፣ ክንዱ ላይ የድሮ የሽቅብ ሯጮች ያስሩት የነበረውን ዓይነት ቁራጭ ነጭ ጨርቅ አስሯል። ምስኪን፣ መንገድ ስቶ የቀረ ሯጭ ነው ብዬ ጭራዬን አወዛወዝኩለት።

«ይለፉ፣ እኔ ጅራት ነኝ» አልኩት።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አለኝ።

እርስዎ! እኔን! እኔን ሮማንን እርስዎ ያለኝ ሰው ቢኖር የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ብቻ ነው። ደግሞስ በሩጫ ላይ «ይቅደሙ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዳልቀድም ደንብ ነው ብዬ አስረዳሁት፣ እሱ ደግሞ ከሴት ቀድሞ መግባት ነውር ነው አለኝ፣ እኔ በሞቴ አልኩ፣ እሱ በፍጹም አለ፣ እኔ አፈር ስሆን አልኩ፣ እሱ እኔ ልሁን አለ። እንደዚህ ስንባባል ጊዜው ይሄዳል። እያፈርኩም ቢሆን ዞሬ መሮጥ ጀመርኩ፣ ኋላ ያልፈኛል ብዬ። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ከኋላዬ።

ለውኃ ልጆቹ ደወልኩላቸው። እኛ በመኪና ወርደን ሽሮ ሜዳ ደርሰናል፣ ከአንቺ በኋላ የወረደ ሰው የለም፣ አንቺም ደክሞሽ ይሆናል ውኃ ጠጪ አሉኝ። ጠጣሁ። እመኑኝ፣ ውኃው ምንም አልጠቀመኝም።

ሽሮ ሜዳ ስደርስ ጉሙ ለቀቀ፣ ፀሐይ ሆነ፣ ዞር ብዬ አየሁ፣ ማንም የለም። እፎይ ብዬ ፊቴን ሳዞር ጠፍ፣ ጠፍ። አሁን ዘዴ ፈጠርኩ፣ አንድ ልብስ ቤት በር ላይ ቆሜ የተሰቀለ ቀሚስ መመልከት ጀመርኩ፣ ሰውየው ሲሰለቸው ያልፈኛል ብዬ። የሱቁ ባለቤት፣ ሻሽ ያሰረች ደርባባ ሴትዮ፣ ዋጋውን ነገረችኝ፣ ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና ፈገግ ብላ በርጩማ አወጣች።

«አባባም ይቀመጡ፣ ለእሳቸውም ጥሩ ጋቢ አለን» አለችኝ።

ዞርኩ። አስፋልትና ፀሐይ። ወደ ሴትዮዋ ስመለስ በርጩማውን ይዛ ቆማለች፣ ፈገግታዋ ግን ቀስ እያለ እየጠፋ ነው፣ ከዚያ በርጩማዋን ይዛ ገባች፣ በሩንም ዘጋች። ሮጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም፣ ስድስት ኪሎን እንዴት እንዳለፍኳት አላስታውስም፣ አራት ኪሎ ላይ አንዱ ጎረምሳ «አይዞሽ ማዘር፣ አንደኛ ነሽ» እያለ አጨበጨበልኝ።

ካዛንቺስ ላይ ደግሞ ድምፁ ተለወጠ። ሰፊ ሆኖ የተሠራው መንገድ ነው፣ ግራና ቀኝ ክፍት ነው፣ ድምፅ የሚመልስ ነገር የለም፣ የሰውየው እርምጃ ግን በቆርቆሮ አጥር መሃል ባለ ጠባብ መንገድ ላይ እንዳለ ያስተጋባል። ሰፈራችን በነበረች ጊዜ እንደነበረው፣ ልክ እንደዚያ። በመሃሉ «ጉድጓድ አለ፣ ይጠንቀቁ» አለኝ ከኋላዬ፣ በትህትና። ዘለልኩ። ከዘለልኩ በኋላ ነው ልብ ያልኩት፣ መንገዱ እንደ መስተዋት ለስላሳ ነው፣ ጉድጓዱ የነበረው የድሮ ጎረቤቶቻችን የእነ እትዬ ጥሩነሽ ግቢ በር ላይ ነው፣ ግቢውም ጉድጓዱም ከፈረሱ ቆይተዋል። ትራፊክ ፖሊሱ ጭራ ይዤ በባዶ ሜዳ ስዘል አይቶ ዓይኑን አሸ። እናንተ ትስቃላችሁ፣ እኔ ግን ያን ጊዜ ፍርሃቴ ወደ ናፍቆት ተለወጠብኝ፣ የሰፈሬን ኮቴ ነበር የሰማሁት፣ እንባዬ መጣ።

መድረሻው ላይ፣ የጋሽ ለማ ሥጋ ቤት ፊት ስደርስ ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከጉለሌ ዳር፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከየት ከየቱ የመጣ የድሮ ጎረቤት። የፈቃዱ ሰውዬ ሰዓቱን እያየ ነው፣ ለአምስት ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል። ሁሉም «ግቢ! ግቢ!» ይለኛል። ገመዱ ጋ ደርሼ ቆምኩ። ከኋላዬ «እህም» አለ።

«ከኋላሽ ማን አለ?» አሉ ጋሽ ለማ ቢላቸውን ይዘው።

ልዋሽ ነበር፣ እውነቴን ነው። «ማንም የለም» ብል ሁሉ ነገር ያልቃል፣ ሩጫው ይተርፋል፣ ጎረቤቶቼን በሚመጣው ዓመት አያለሁ። ግን አንድ ሰው ሳይገባ ገበታ ማንሳት ምን እንደሆነ ይህ ሰፈር ያውቃል፣ ምላሴ እምቢ አለኝ።

«አንድ ሰው አለ፣ ጋሼ። ይለፉ ስለው ይቅደሙ ይለኛል፣ አልገባም አለ።»

ሰው ሳቀ። የፈቃዱ ሰውዬም «የታለ? ማንም አይታየኝም፣ ይህ የቀልድ ሰዓት አይደለም» አለ። ጋሽ ለማ አልሳቁም። ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ መንገዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። በዚህ መሃል ፖሊሱ ሰዓቱ ሊደርስ ነው ብሎ ታክሲዎቹን መልቀቅ ጀመረ፣ የመጀመሪያው ሚኒባስ እየበረረ መጣና፣ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ቀጥ አለ። ሹፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ አባቴ፣ እለፍ» እያለ ባዶውን መንገድ በምልክት ይለምናል። የአዲስ አበባ ታክሲ ለሰው ቆሞ ቅድሚያ ሲሰጥ! ያኔ ነው ሳቁ ሁሉ የቆመው፣ ያን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር እንዳለ ገባው።

ጋሽ ለማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደዚህ አፍጥጣችሁበት ሰው እንዴት ይገባል? በሉ፣ ሁላችሁም ጀርባችሁን አዙሩ።»

ያን ቀን ብታዩት። አሮጊቱ፣ ጎረምሳው፣ የሐጂ ሰይድ ልጅ የራሱን ቢላ እንደያዘ፣ ኮቱን የቆለፈው የፈቃድ ሰውዬ ሳይቀር፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ሥጋ ቤቱ ግድግዳ አዞረ። እኔ ከገመዱ ውጪ ነኝ፣ ፊቴን ወደ እንጦጦ መልሼ ዓይኔን ጨፈንኩ። በጎኔ በኩል ቀዝቃዛ አየር አለፈ፣ የባሕር ዛፍ ይሸታል። ከዚያ ቃጭሉ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ላለመረበሽ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ቅጭል አለ።

እኔም ተከትዬ ገባሁ፣ ቃጭሉም ጮኸ። ጋሽ ለማ ሳይዞሩ እንደገና ጠየቁኝ። ማንም የለም አልኩ። ቢላው ተነሳ። ልክ አምስት ሰዓት ነበር።

ከዚያ በኋላ፣ ሐበሻ ሲፈራ ይበላል፣ እኛም በላን። አንዳንዱ ንፋስ ነው አለ፣ እኔም ንፋስ ነው አልኩ፣ ቅጠል ሳይንቀሳቀስ ንፋስ ከየት እንደመጣ ግን የጠየቀ የለም። ጋሽ ለማ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ከለከሉ፣ እጃቸውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥለው ዋሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚመጣውን ዓመት ፈቃድ ልጠይቅ ያ ሰውዬ ቢሮ ሄድኩ። እለምነዋለሁ፣ ካስፈለገም አለቅሳለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ምንም አላስለመነኝም፣ ማኅተሙን አነሳና መታልኝ፣ ከዚያ በሩ መዘጋቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያን ቀን ስንዞር እርስዎ ከኋላዬ ነበሩ?»

እኔ ከገመዱ ውጪ ነበርኩ አልኩት።

«አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ይቅርታ ብሎኝ አለፈ። እጁ በጣም ይቀዘቅዛል። እኔም ገለል አልኩለት።»

ንፋስ ነው ልለው አልኩና ተውኩት። ወረቀቴን ይዤ ተነሳሁ፣ እሱም ሊሸኘኝ ተነሳ፣ በሩን ከፈተልኝና ይቅደሙ አለኝ፣ እኔ ደግሞ ኧረ እርስዎ አልኩት። ሁለታችንም ቆምን። ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ ከኋላችን ያለው ክፍልም ባዶ ነው። ከዚያ ሳንነጋገር፣ እኔ በዚህ ውፍረቴ እሱ በዚያ ቅጥነቱ፣ በጠባቧ በር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እኩል ወጣን፣ ምክንያቱም ማናችንም ኋላ መቅረት አልፈለግንም።